የቫቲካኑ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሕንፃ ስንት ዘመኑ ነው?

ጥያቄ፦ ቫቲካን ቅጥር ውስጥ የኢትዮጵያውያን ዘርዓ ክህነት (የካህናት ማሠልጠኛ ኮሌጅ) አለ። ጓደኛዬ «ሕንፃው ከ500 ዓመት በላይ ነው» እያለ ይከራከረኛል። በፎቶ ሳየው ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ይመስላል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ በሕንፃው ነገር እርስዎ ረትተዋል። ጓደኛዎም ግን ከሜዳ ተነስቶ አይደለም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በፎቶ ያዩት ሕንፃ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ የቫቲካን አትክልት ስፍራ ውስጥ ነው። ያሠሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ናቸው፤ በ1930 ገደማ። ቫቲካን ራሷን የቻለች አገር የሆነችው በ1929 ስለሆነ ከአገሪቱ ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል። ኮሌጁ ራሱ ትንሽ ይቀድማል። ቤነዲክቶስ 15ኛ በ1919 ሲያቋቁሙት ተማሪዎቹ የገቡት እዚያው አጠገብ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በነበረው አሮጌ የእንግዶች ቤት ነው።

የጓደኛዎ 500 ዓመት የመጣው ከዚያ ቤት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ሲክስቶስ 4ኛ ቦታውን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ሰጡ። እንደኔ እንደኔ ከአዲሱ ሕንፃ ይልቅ ብዙ ሊወራለት የሚገባው ይሄ ነው። ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ እዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ግእዝ ተምሮ በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። በግእዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ቀጥሎ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን መጡ፤ በ1548 እና 49 ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። ስለ ስህተቱ ይቅርታ የጠየቁበት ቃል ሁሌ ያስቀኛል። ፊደል የሚለቅሙት ሰዎች ማንበብ አይችሉም፤ ማንበብ የምንችለው እኛ ደግሞ ማተም አናውቅም፤ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳዳን ይላሉ። ማተሚያ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

በ1649 ደግሞ ሉዶልፍ የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ኢትዮጵያዊውን ሊቅ አባ ጎርጎርዮስን ያገኘው እዚሁ ነው። በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የዚያ ትውውቅ ፍሬ ነው።

የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለ። ውስጡ በየዘመኑ ታድሷል፤ የ12ኛው ክፍለ ዘመን የዕብነ በረድ በሩን ግን እንዳያልፉት፤ ከላዩ መስቀል የያዘ በግ ተቀርጾበታል። ሮም ከሄዱ አትክልት ስፍራውን የሚያዩት ከአስጎብኚ ጋር ስለሆነ ቀድመው ይመዝገቡ።