የእንቅስቃሴ ግራፍን እንዴት እናንብብ? ጥያቄና መልስ

የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ የሚማሩ ልጆችና ወላጆቻቸው የላኳቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ግራፍ አልገባኝም የሚል ተማሪ ብዙውን ጊዜ ሒሳብ ከብዶት አይደለም፤ መስመሩን ከማየቱ በፊት ቋሚው ዘንግ ምን እንደሚለካ ስላላነበበ ነው። ስለዚህ በየመልሱ ወደ ቋሚው ዘንግ ብመለስ አይሰልቻችሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ልጄ የርቀትና የጊዜ ግራፍ አይቶ «መኪናው ዳገት ወጣ፣ ሜዳ ላይ ሄደ፣ ቁልቁለት ወረደ» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው?

መልስ፦ አይጨነቁ፣ እንዲህ የሚሉ ልጆች ብዙ ናቸው። ግራፉ የመንገዱ ሥዕል አይደለም። ቋሚው ዘንግ ከቤት ያለውን ርቀት የሚለካ ከሆነ፣ መስመሩ ሲወጣ መኪናው ከቤት እየራቀ ነው፤ አግድም ሲሆን ቆሟል፤ ሲወርድ እየተመለሰ ነው። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሜዳ ሊሆን ይችላል። ልጁ ከግቢው በር ተነሥቶ ይራመድ፣ ይቁም፣ ይመለስ። እርስዎ በየሁለት ሰከንዱ ከበሩ ስንት እርምጃ እንደራቀ ይመዝግቡለትና ግራፉን ራሱ ይሣለው።

ጥያቄ፦ በርቀትና ጊዜ ግራፍ ላይ ሁለት መስመሮች ሲቋረጡ ፍጥነታቸው እኩል ሆነ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በዚያ ሰዓት አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ ማለት ብቻ ነው። ፍጥነትን የሚነግርህ የመስመሩ ተዳፋት፣ ማለትም ስሎፕ ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ በእኩል ፍጥነት የሚጓዙ ትይዩ ሆነው ይሄዳሉ እንጂ አይቋረጡም።

የባቡር ሥምሪት ባለሙያዎች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንዲህ ባለ ግራፍ ይሠራሉ። የእኛን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ተመልከት፦ ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሐዲድ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ ግን ነጠላ። በነጠላ ሐዲድ ላይ የሁለት ባቡሮች መስመሮች የሚቋረጡት መተላለፊያ ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ላይ ብቻ መሆን አለበት። ለልምምድ ያህል፣ 300 ኪሎ ሜትር ከሚራራቁ ሁለት ጣቢያዎች አንዱ ባቡር በሰዓት 60፣ ሌላው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ በአንድ ጊዜ ፊት ለፊት ይነሡ። መስመሮቹን ሥላቸው፤ ከ3 ሰዓት በኋላ፣ ከመጀመሪያው ጣቢያ 180 ኪሎ ሜትር ላይ ይቋረጣሉ። እዚያ መተላለፊያ ከሌለ አንደኛው ቀድሞ በሚያገኘው ጣቢያ ቆሞ መጠበቅ አለበት፤ ያን ጊዜ መስመሩ አግድም ይሆናል። ይህን ግራፍ በትክክል ማንበብ የሰው ሕይወት ያለበት ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ታዲያ አክሰለሬሽኑም (ፍጥነቱ የሚለወጥበት መጠን) ዜሮ መሆን የለበትም?

መልስ፦ የለበትም፤ ይህንንም ከቃል ይልቅ ግራፉ ያሳይሻል። አሁን ቋሚው ዘንግ የሚለካው ፍጥነትን ነው፤ ወደ ላይ ያለውን አዎንታዊ እንበለው። ኳሱ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ተወረወረ እንበል፤ የመሬትን ስበት በ10 እናስላ፣ የአየርን ግጭት እንተወው። በየሰከንዱ ፍጥነቱ 20፣ 10፣ 0፣ −10፣ −20 ይሆናል። ነጥቦቹን አስቀምጪ፤ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። መስመሩ 2ኛው ሰከንድ ላይ አግድሙን ዘንግ ይሻገራል እንጂ አይታጠፍም፣ አያርፍምም። ተዳፋቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ −10 ነው፤ አክሰለሬሽን ማለት ደግሞ ይኸው ተዳፋት ነው። ጫፍ ላይ አክሰለሬሽኑ ዜሮ ቢሆንና እንደዚያው ቢቀጥል ኖሮ፣ ኳሱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር።

ከመስመሩ በታች ያለውን ስፋትም አስይ። ከዘንጉ በላይ ያለው ሦስት ማዕዘን ½ × 2 × 20፣ ማለትም 20 ሜትር ነው፤ ኳሱ የወጣው ከፍታ። ከዘንጉ በታች ያለው −20 ነው። ድምሩ ዜሮ፦ ኳሱ እጅሽ ላይ ተመልሷል። ስፋት የተጓዘውን ርቀት እንደሚሰጥ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ኒኮል ኦሬም በሥዕል አሳይቶ ነበር፤ ካልኩለስ ከመፈጠሩ 300 ዓመት ገደማ በፊት! እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

ጥያቄ፦ የሚንቀሳቀስ ነገር በየጊዜው የነበረበትን ቦታ በነጥብ በሚያሳይ የነጠብጣብ ሥዕል ላይ ነጥቦቹ ሲቀራረቡ ፈጠነ ነው ወይስ ዘገየ?

መልስ፦ ዘገየ። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ጊዜ ሁልጊዜ እኩል ነው፤ ስለዚህ ሲራራቁ ፈጠነ፣ ሲቀራረቡ ዘገየ።

ጥያቄ፦ ርቀትና መፈናቀል ልዩነታቸው በተግባር ምንድን ነው?

መልስ፦ ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 6.34 ሜትር ገደማ ነው። ውድድሩ 25 ሙሉ ዙር ስለሆነ መነሻውና መድረሻው አንድ መስመር ነው፤ የሮጠው ርቀት 10,000 ሜትር ቢሆንም መፈናቀሉ፣ ማለትም ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለው ቀጥተኛ ርቀት ከነአቅጣጫው፣ ዜሮ ነው።

ጥያቄ፦ በሙከራ ያገኘናቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ በማስመሪያ እናገናኛቸው?

መልስ፦ አታገናኙ። እያንዳንዱ ነጥብ ትንሽ የመለኪያ ስህተት አለበት፤ በነጥቦቹ መካከል የሚያልፍ አንድ ለስላሳ መስመር ሣሉ። ኳስ በተዳፋት ጣውላ ላይ አንከባላችሁ በ1፣ 2 እና 3 ሰከንድ 0.2፣ 0.8 እና 1.8 ሜትር ብታገኙ፣ የርቀትና የጊዜ ግራፉ ኩርባ ይሆናል። በአግድሙ ዘንግ ላይ በጊዜ ፈንታ የጊዜን ካሬ፣ 1፣ 4፣ 9 አድርጉ። ከዜሮ የሚነሣ ቀጥ ያለ መስመር ታገኛላችሁ። ተዳፋቱ 0.2 ነው፤ ከዕረፍት ሲነሣ ርቀት = ½ × አክሰለሬሽን × የጊዜ ካሬ ስለሆነ፣ አክሰለሬሽኑ የዚያ እጥፍ፣ 0.4 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው።