ሕሊናና አንጎል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አንጎል ውስጥ የሥነ ምግባር ቦታ የሚባል አለ?

መልስ፦ አንድ ቦታ የለም፤ ሥራው የተከፋፈለ ነው። ከዓይን በላይ ያለው የፊተኛው አንጎል የታችኛው ክፍል ስሜትን ከውሳኔ ያገናኛል። አሚግዳላ የተባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል የሌላውን ሰው ፍርሃት ለማስተዋል ይረዳል። ከቀኝ ጆሮ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ያለው ክፍል ደግሞ «ምን አስቦ ነው ያደረገው?» የሚለውን ይመዝናል። በ2010 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በወጣ ጥናት ይህ ክፍል ለአጭር ጊዜ በመግነጢስ ሲታወክ፣ ተሳታፊዎቹ ሰው ለመጉዳት ሞክሮ ያልተሳካለትን ቀለል አድርገው ፈረዱበት።

ጥያቄ፦ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛው ፊኒያስ ጌጅ ብረት አንጎሉን ከወጋው በኋላ ክፉ ሰው ሆነ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ። በ1848 በአሜሪካ ቨርሞንት፣ ከ1 ሜትር የሚረዝም፣ 6 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሐኪሙ ጆን ሃርሎው ተሳዳቢ እንደሆነና ያቀደውን መፈጸም እንዳቃተው ጽፏል። ግን በኋላ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት በፈረስ ሠረገላ መንገደኛ አመላልሷል፤ ይህን ደግሞ ራሱን መግዛት ያቃተው ሰው አይሠራውም። ወሬው ከማስረጃው በብዙ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የፊተኛው አንጎሉ የተጎዳበት ሰው ደግና ክፉውን መለየት ያቅተዋል?

መልስ፦ ጉዳቱ የደረሰው በጉልምስና ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያቅተውም። ቢጠይቁት ትክክለኛውን ይመልሳል፤ ችግሩ የሚታየው ሲኖር ነው። በ1999 የተጠኑ ሁለት ወጣቶች ግን 16 ወር ሳይሞላቸው የተጎዱ ነበሩ፤ እነሱ በምግባራቸው ብቻ ሳይሆን በማመዛዘኑም ደካሞች ነበሩ። ሁለት ሰው ጥቂት ነው፤ አቅጣጫ ግን ያሳያል።

ጥያቄ፦ ጨዋ የነበረ ሰው በሃምሳዎቹ ዕድሜው ድንገት ነውረኛ ቢሆንስ?

መልስ፦ «ባለጌ ሆነ» ከማለት በፊት ሐኪም ይየው። የፊተኛውንና የጎኑን አንጎል የሚያመነምን ሕመም (ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ) አለ፤ በብዛት ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ማስታወስን ላይነካ ስለሚችል በተለመደው የመርሳት ፈተና ያልፋል፤ ድባቴ ተብሎም ይታለፋል። ሕመምተኛው ለውጡን ስለማያየው ቤተሰብ አብሮ ይሂድ። ርኅራኄ ማጣት፣ ጣፋጭ ማብዛት፣ አንድን ነገር መደጋገም መቼ እንደጀመሩ ጽፋችሁ ያዙ፤ የኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) ምርመራንም ለሐኪሙ አንሱለት።

የመድኃኒት ዝርዝሩንም አትርሱ። ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል የተባሉት የፓርኪንሰን መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰው ላይ ከልክ ያለፈ ቁማርና የወሲብ ፍላጎት ይቀሰቅሳሉ። በራስ ፈቃድ በድንገት ማቆም ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰው።

ጥያቄ፦ የአንጎል ምስል ወንጀለኛን ይለያል?

መልስ፦ አይለይም። የአንጎልን እንቅስቃሴ የሚያሳየው መሣሪያ (ኤፍኤምአርአይ) የሚያነበው ሐሳብን ሳይሆን የደም ኦክስጅንን ነው፤ ለዚያውም 5 ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ። አሚግዳላ በደስታም በፍርሃትም ስለሚነቃ ከምስሉ ተነስቶ «ይህን አስቧል» ማለት አይቻልም። በ2009 ተመራማሪዎች የሞተ ሳልሞን ዓሣ መሣሪያው ውስጥ ከትተው፣ በአጋጣሚ የመጣን ውጤት የሚያጣራው የስታቲስቲክስ እርማት ሲዘለል «እንቅስቃሴ» አግኝተዋል!

የሚያሳምነው የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። በ2003 የተዘገበ አንድ የ40 ዓመት ሰው በሕፃናት ላይ ያነጣጠረ የወሲብ ፍላጎት ታየበት፤ የፊተኛ አንጎሉ ዕጢ ሲወጣ ጠፋ፣ ዕጢው ሲመለስ ተመለሰ። ግን ሥራው ስህተት መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ዳኛን የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ሰውን ደግ ያደርጋል?

መልስ፦ በአንዳንድ ሙከራ ለራስ ወገን ማድላትን ነው የጨመረው። ገንዘብዎን አያውጡበት።