ውሃው ለምን 92 ዲግሪ ላይ ፈላ?

ኬሚስትሪን በኮሌጅ ማስተማር ለምትጀምሩ ወጣቶች፦

በመጀመሪያው የማስተማር ዓመቴ፣ ሰበታ አካባቢ በነበረ አንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ተማሪዎቼ ውሃ አፍልተው ሙቀቱን እንዲመዘግቡ አዘዝኋቸው። ውሃው ሲንተከተክ የቴርሞሜትሩ ሜርኩሪ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አጠገብ ደርሶ አልነቃነቅ አለ። ደብተሮቹን ሰብስቤ ሳርም ግን ከአንዲት ልጅ በቀር ሁሉም 100 ብለው ጽፈው አገኘሁ፤ እኔም 92 ያለችውን ልጅ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝሁባት። በማግስቱ ደብተሯን ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ» አለችኝ።

ልክ ነበረች። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ የውሃው የእንፋሎት ግፊት ቀድሞ ይደርስበታል፣ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። በደጋ ንፍሮ ለመብሰል የሚዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ በፈተና ቢመጣብኝ እመልሰው ነበር። ዕውቀቴን ፊቴ ከተጣደው ውሃ ጋር ግን አላገናኘሁትም፤ ተማሪዎቼም ከዓይናቸው ይልቅ መጽሐፉን ማመንን የተማሩት እንደ እኔ ካሉ መምህራን ነው።

ስለዚህ በመግቢያ ኮርሱ ላይ አትቸኩሉ። ሞልን፣ ማለትም ኬሚስቶች ቅንጣቶችን የሚቆጥሩበትን መለኪያ፣ ስታስተምሩ ቁጥሩን ከማስጻፋችሁ በፊት 18 ግራም ውሃ አስመዝኑና የቡና ሲኒ ውስጥ አስጨምሩ። ግማሹን እንኳ በማይሞላው በዚያ ውሃ ውስጥ 6.022×10²³ ያህል ሞለኪውሎች እንዳሉ የነገራችሁት ተማሪ ቁጥሩን ከሲኒው ጋር ያስታውሰዋል።

በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሽምደዳው ይብሳል። ፕሮፒን (ሦስት ካርቦኖች ያሉት፣ በሁለቱ መካከል ድርብ ቦንድ ያለው ውህድ) ከሃይድሮጅን ብሮማይድ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ብትጠይቁ፣ ክፍሉ በሙሉ «ሃይድሮጅን በብዛት ላለው ካርቦን ሃይድሮጅን ይጨመርለታል» ይላችኋል። ሩሲያዊው ኬሚስት ማርኮቭኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1869 ይህን ሕግ ያወጣው ውጤቶችን አስተውሎ ነው፤ ኤሌክትሮን የተገኘው ከዚያ በኋላ በ1897 ስለሆነ ምክንያቱን በኤሌክትሮን ሊያስረዳ አይችልም ነበር። እኛ ግን እንችላለን። ሃይድሮጅኑ ጫፍ ላይ ያለውን ካርቦን ሲይዝ አዎንታዊው ቻርጅ መካከለኛው ካርቦን ላይ ያርፋል፤ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ሜቲሎች (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን የያዙ ቡድኖች) ስለሚደግፉትም ይረጋጋል። ፐርኦክሳይድ ሲጨመር ቀድሞ የሚገባው የብሮሚን ራዲካል (ያልተጣመረ ኤሌክትሮን ያለው ቅንጣት) ነው፤ እርሱም የተሻለ የተረጋጋውን ራዲካል ለመፍጠር ጫፉን ስለሚይዝ ውጤቱ ይገለበጣል። ሕጉን ብቻ የሸመደደ ተማሪ እዚህ ላይ መሄጃ ያጣል። «መሐል ላይ ከሚፈጠሩት የትኛው ይረጋጋል?» ብሎ መጠየቅ የለመደው ግን ሁለቱንም በአንድ ጥያቄ ይመልሳል። እባካችሁ ተማሪውን ጠመኔ አስይዛችሁ ወደ ሰሌዳው አውጡት፤ የኤሌክትሮኖቹን ጉዞ የሚያሳየው ቀስት ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ እየተናገረ ይሣል፤ ቢሳሳት አትቸኩሉበት። በፈተናም የመጨረሻው መልስ ቢበላሽ እንኳ ለመንገዱ ነጥብ ስጡት።

የልጅቷን ነጥብ በዚያው ዕለት አስተካከልሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታዬ ድረስ የየዓመቱን የመጀመሪያ ቤተ ሙከራ የጀመርሁት ውሃ በማፍላት ነው። 100 ብሎ የጻፈ ተማሪ ሲያጋጥመኝ ደብተሩን አልሰርዝበትም ነበር፤ ማሞቂያውን እንደገና ለኩሼ ቴርሞሜትሩን በእጁ አስይዘው ነበር።