መልስ፦ ከየትኛው የፍልስፍና ዘርፍ ልጀምር?

እህቴ፣ «ዲበ አካልን፣ ሥነ ዕውቀትንና ሥነ ምግባርን አንድ ላይ ልውሰድ ወይስ ሎጂክ ይቅደም?» ላልሽው፣ የክርክርን ትክክለኛነት የሚያጠናው ሎጂክ ይቅደም። ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው የክርክርን ቅርጽ ከእውነትነቱ ጋር ሲያምታታ ነው። «ከዘነበ አስፋልቱ ይረጥባል፤ አስፋልቱ ረጥቧል፤ ስለዚህ ዘንቧል» የሚለው፣ በእርግጥ ዘንቦ ቢሆን እንኳ ቅርጹ ስህተት ነው። ቧንቧ ፈንድቶም ይረጥባላ!

ይህን ከለየሽ ዕውቀት ምን እንደሆነ የሚመረምረው ሥነ ዕውቀት ይቀልሻል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኤድመንድ ጌቲየር በ1963 ያወጣት ጽሑፍ 3 ገጽ ብቻ ናት፤ «ዕውቀት በምክንያት የተደገፈ እውነተኛ እምነት ነው» የሚለውን ብያኔ ግን አናግታለች። የቆመ ሰዓት አይተሽ «4 ሰዓት ሆኗል» ብትዪና በአጋጣሚ ልክ ብትሆኚ፣ አውቀሽ ነበር ይባላል?

ስታነቢ መጀመሪያ መደምደሚያውን ፈልጊ፤ ከዚያ መነሻዎቹን ቁጥር እየሰጠሽ በራስሽ ቃል ጻፊ። አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ጨምሪበት፤ አምስት ደካማ ከመደርደር ይሻላል። በሥነ ምግባር ወረቀት ላይ «እኔ እንደማምነው» ብቻውን ነጥብ አያመጣም፤ ፈላስፋው ካንት ውሸትን ለምን እንደሚከለክል፣ ፈላስፋው ሚል ደግሞ ውጤትን ለምን እንደሚመዝን ማሳየት አለብሽ። ስለ ህልውና ምንነት የሚጠይቀውን ዲበ አካልን ለመጨረሻ አቆዪው፤ ገና ቃላቱ ራሳቸው ያደክማሉ።