ደመወዝ የለኝም፤ የጤና መድን እንዴት ልግባ? (ጥያቄና መልስ)

ለጥቂት ዓመታት የጤና መድን አባላትን ስመዘግብ ኖሬያለሁ። ከደረሱኝ ጥያቄዎች እነዚህን መረጥኩ።

ጥያቄ፦ የቀን ሠራተኛ ነኝ፣ ጤነኛም ነኝ። ስታመም ብመዘገብስ?

ሁሉም እንዳንተ ካሰበ መዝገቡ ላይ የሚቀረው በሽተኛ ብቻ ነው። ካዝናው በአንድ ዓመት ይራቆታል። ብዙ ቦታ የመጠበቂያ ጊዜ የተደረገው ለዚህ ነው። ዛሬ ታመህ፣ ዛሬ ተመዝግበህ፣ ዛሬ መታከም የለም።

ጥያቄ፦ ለእናቴ ብቻ መክፈል እችላለሁ? ስኳር አለባት።

ሐሳብሽ ገብቶኛል፤ ግን ይህም ያው ነው። የኢትዮጵያው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ሙከራ ሲጀምር የመዘገበው ሰውን በነጠላ ሳይሆን ቤተሰብን ነበር።

ጥያቄ፦ መዋጮው ብዙ አይደለም። በአንዴ ሲጠየቅ ግን ከየት ላምጣ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ደመወዝተኛው ገንዘቡን ሳያየው ይቆረጥለታል። እኛ ግን ከእጃችን አውጥተን ነው የምንሰጠው። ስብሰባ ላይ ሁሌ «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» ይባላል። ኧረ ተዉ! አንዲት እናት ከመሐረብ ፈትተው የተጣጠፉ ብሮችን ፊቴ ቆጠሩ። ጎደለ። እንደገና ቆጠሩ። «ሳምንት እመጣለሁ» ብለው ሄዱ። ሳምንት ሲመጡ ምዝገባው ተዘግቷል። እኚህ ሴት ምን ግንዛቤ ጎደላቸው? ገበሬ ምርት ሲሰበስብ፣ ነጋዴ ደግሞ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቢከፍል ብዙ ሰው ይገባ ነበር። አካባቢህ መዋጮውን ከፋፍሎ የሚቀበል ከሆነ ጠይቅ። ካልሆነም በዕቁብ መልክ የሚያጠራቅሙ አሉ።

ጥያቄ፦ መንግሥት ለምን አይከፍልልንም?

የሚከፍል አለ። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ሌላ ሽፋን ለሌለው ዜጋ ሁሉ ከግብር መክፈል ጀመረች። ታካሚው ሲመጣ 30 ባህት ብቻ ይከፍል ነበር። ጋናም እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ ለመድኑ የሚውል ቀረጥ በሸቀጥና አገልግሎት ላይ ጣለች። ገንዘቡ እዚያም ከሕዝቡ ኪስ ነው የሚወጣው፤ በሌላ በር ነው እንጂ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ከፍዬ «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ይግዙ» ተባልኩ። ላድስ ወይስ ይቅርብኝ?

ቢናደዱ አይፈረድብዎትም። በዚህ ምክንያት ሳያድስ የቀረ ስንት ሰው አውቃለሁ! የአልጋና የቀዶ ሕክምና ወጪ ስለሚያስፈራኝ እኔ ብሆን አድሳለሁ። ግን መጀመሪያ ማዘዣውንና የፋርማሲውን ደረሰኝ ይዘው የመድኑ ቢሮ ይሂዱ። አንዳንድ ቦታ ያወጡትን ይተካሉ። ባይተኩ እንኳ ቅሬታዎን በጽሑፍ ያስገቡና ቅጂውን ማህተም አስደርገው ይያዙ።