«ገብቷችኋል?» ስላቸው ሁሉም «አዎ» ይላሉ

ውድ የምክር አምድ አዘጋጅ፣ እንደምን ከርመዋል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ የ8ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 65 ተማሪ አለኝ። ልጆቼ ሰነፎች አይደሉም። ኖት ይጽፋሉ፣ የቤት ሥራም ይሠራሉ። አስረድቼ ስጨርስ «ገብቷችኋል?» እላለሁ። «አዎ ቲቸር!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። ፈተና ሲመጣ ግን ቁጥሩን ብቻ ቀይሬ ያወጣሁትን ጥያቄ እንኳ ይስቱታል። ባለፈው አንዲት ልጅ ወረቀቷን ይዛ «አጥንቼ ነበር እኮ!» እያለች ስታለቅስ አንጀቴን በላችው።

በቅርቡ ሥልጠና ላይ «ለተማሪዎቻችሁ ሜታኮግኒሽን አስተምሩ» ተባልን፤ የራስን አስተሳሰብና አማማር መከታተል ማለት ነው። ማቀድ፣ መከታተል፣ መገምገም የሚሉትን ደረጃዎች ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስረዳኋቸው። አሁን ትርጉሙን ብጠይቃቸው በቃላቸው ይወጡታል። የሒሳብ አሠራራቸው ግን ያው ነው። ሚኒስትሪ እየደረሰ ነው፤ መጽሐፉም ገና አላለቀም። ምን ይመክሩኛል?

የሒሳብ መምህርት

ውድ መምህርት፣

ያቺ ልጅ እውነቷን ነው። አጥንታለች። የከዳት «ገብቶኛል» የሚለው ስሜት ነው። ደብተር ደጋግመን ስናነብ ዓይናችን ጽሑፉን ይለምደዋል። የለመድነውን ደግሞ ያወቅነው ይመስለናል።

ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ በተማሪዎች ላይ አይተውታል። አንደኛው ቡድን አንድ አጭር ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው መጀመሪያ ላይ ብቻ አንብቦ፣ ከዚያ ወረቀቱን ሳያይ ያስታወሰውን ደጋግሞ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ያነበቡት 40 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ሳያዩ የጻፉት 61 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። «አልረሳውም» ብለው ይበልጥ የተማመኑት ግን ያነበቡት ነበሩ። የእርስዎም ልጆች «አዎ ቲቸር» ሲሉ እየዋሹ አይደለም። በዚያች ደቂቃ በእርግጥም የገባቸው ይመስላቸዋል።

ስለዚህ ሜታኮግኒሽንን እንደ አንድ ምዕራፍ ለብቻው አያስተምሩት። ሒሳቡ ውስጥ ይግባ። ለምሳሌ ይህን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፦ «800 ብር የነበረ ጫማ ዋጋው 25 በመቶ ጨመረ። ከዚያ 25 በመቶ ቀነሰ። አሁን ስንት ነው?» ብዙዎቹ ወዲያው «800!» ይላሉ። እጅ አያስወጡ። 65 ልጅ ባለበት ክፍል ሌላው የጎበዙን እጅ አይቶ ነው የሚያወጣው፤ «አልገባኝም» ማለትም ያሳፍራል። ሁሉም መልሱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ከጎኑም «እርግጠኛ ነኝ»፣ «እጠራጠራለሁ» ወይም «ገምቼ ነው» ብሎ ምልክት ያድርግ።

ከዚያ ሲሠሩላቸው የሚያስቡትን ጮክ ብለው ይናገሩ። «መጀመሪያ የመጣልኝ 800 ነው። ቆይ ግን፣ የጨመረው የምኑ 25 በመቶ ነው? የ800። ስለዚህ 200 ብር፤ 1000 ሆነ። የቀነሰውስ የምኑ ነው? የ800 ነው እንዴ? አይደለም፣ አሁን ዋጋው 1000 ነው። 250 ይቀነሳል፤ 750። እስቲ ልየው፣ ከ800 ማነሱ ያስኬዳል? አዎ፣ የተቀነሰው ከትልቁ ቁጥር ላይ ነው።»

እኛ መምህራን አብዛኛውን ጊዜ ሰሌዳ ላይ የምናሰፍረው የጠራውን አሠራር ነው። የት ጋ እንደምንቆም፣ ራሳችንን ምን ብለን እንደምንጠይቅ ልጆቹ አያዩም። «የምኑ 25 በመቶ?» የምትለዋ ጥያቄ ከሦስቱ ደረጃዎች ትርጉም ይልቅ ትጠቅማቸዋለች። በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ እርስዎ ዝም ይበሉና አጠገብ ለአጠገብ ያሉት እርስ በርስ ይጠያየቁባት።

«እርግጠኛ ነኝ» ብለው የሳቱትን ልጆች በተለይ ይፈልጓቸው። በፍቅር፣ ሳያሳፍሩ፣ «ምን አይተህ ነው እርግጠኛ የሆንከው?» ይበሏቸው። ስህተቱ ከሥሩ የሚገኘው እዚያ ነው።

«ገብቷችኋል?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ቢተዉት ይሻላል። በምትኩ ደወሉ ሊደወል ሲል ደብተር ይዘጋ። ሰሌዳውንም ያጥፉት። ልጆቹ ቅድም የተሠራውን አንድ ጥያቄ ሳያዩ እንደገና ይሥሩት። የገባውና ያልገባው ያኔ ይለያል፤ ከሁሉም በላይ ልጁ ራሱ ያውቀዋል።

የፈተና ወረቀት ሲመልሱም ውጤቱን ብቻ ሰጥተው አይለፉ። ልጆቹ በሳቱት ጥያቄ አጠገብ ምክንያቱን ይጻፉ፦ ጥያቄውን በደንብ ሳላነብ ነው? ስሌት ተሳስቼ ነው? ወይስ ድሮም አላውቀውም ነበር? ከታች እንዴት እንዳጠኑ ይጨምሩበት። ወረቀቱን ሰብስበው ያስቀምጡና ከሚቀጥለው ፈተና ሳምንት ቀደም ብለው ይመልሱላቸው። ያቺ ያለቀሰች ልጅ «ደብተሬን ደጋግሜ አነበብኩ» ብላ ትጽፍ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ መልሱን ሸፍና እንድትሠራ ያሳዩዋት። የሚያስፈልጋት የአጠናን ለውጥ እንጂ ተጨማሪ ሰዓት ላይሆን ይችላል።

ሽምደዳ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የማባዣ ሠንጠረዥ በቃል መያዝ አለበት። 7 ሲባዛ በ8 ስንት እንደሆነ በጣቱ የሚቆጥር ልጅ አሠራሩን ለመከታተል ፋታ አያገኝም።

መጽሐፉ አለማለቁ የሁሉም መምህር ጭንቀት ነው። አምስት ምሳሌ ይሠሩ ከነበረ ሦስት ይሥሩ፤ አንዱን ግን ጮክ ብለው እያሰቡ። የተረፈው ጊዜ ለመጨረሻዋ ጥያቄ ይበቃል። በአንዱ ሴክሽን ብቻ ይጀምሩት፤ እጅዎ ሲለምድ ወደ ሌላው ይውሰዱት።

አደራ፣ የእርግጠኝነት ምልክቱን በማርክ አይያዙት። ማርክ ካለው ልጆቹ የሚጽፉት እርስዎን ደስ የሚያሰኝ ነገር ይሆናል፤ «ገምቼ ነው» ብሎ የሚጽፍልዎትም አያገኙም።