ከማደያው ጀርባ የሚጮኸው ሞተር

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከአጥሬ ጀርባ ያለው ማደያ ታንከሩ ያፈስ ነበር። አሁን ቱቦ ቀብረው ቀን ከሌሊት ሞተር ያስጮኻሉ። ያሰጣሁት ልብስ ሳይቀር ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። አፈር ሳይቆፈር ይጸዳል?

መልስ፦ ይጸዳል እንጂ፣ እህቴ። ቤንዚን ክዳኑን ከፍተሽ ብትተዪው ተኖ ያልቃል አይደል? ሞተሩም ጎናቸው በተበሳ ቱቦዎች ከአፈሩ አየር ይስባል፤ ቤንዚኑ እየተነነ አብሮ ይወጣል። ትነቱ ግን በከሰል ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ልብስሽ ከሸተተ ማጣሪያው ጠግቦ ሊሆን ይችላልና ሂጂ ንገሪያቸው። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ሥራው ይጓተታል። ያ ክረምት ላይ ጫማ የሚያስወልቅ ጥቁር ጭቃ አየር እንደልብ አያሳልፍም። ናፍጣ ደግሞ፣ በዚያ ላይ በእናንተ ብርድ፣ በቀላሉ አይተንም። የጉድጓድ ውኃ ካላችሁ ሳይመረመር እንዳትጠጡ።